ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ወፍራም ናት፣ ሽንት እያመለጣት ተቸግረናል

የከዚራ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ነው የምጽፈው። ይሄን ነገር ለእህቴ እንኳ በግልጽ አልነገርኳትም፣ ስለዚህ እባካችሁ በቀልድ አትለፉት።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ክብደቷ 52 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ38። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደንደን ያለች ናት። ጎረቤቱ «ማሻአላህ፣ ደልቷታል» ሲል እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች።

አልጋ ላይ መሽናት ያቆመችው 4 ዓመት ሳይሞላት ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ተመልሶ መጣ። በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት አልጋው ይረጥባል። ቀንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የውስጥ ሱሪዋ እርጥብ ነው። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ያለ ነው፣ ሽታው ግን አለ። ሽንቷ ሲመጣ እግሯን አጣምራ ትቆማለች፣ ወይ ቁጢጥ ብላ ተረከዟ ላይ ትቀመጣለች። «ሽንትሽ መጣ እንዴ?» ስላት «አልመጣም» ትላለች። ከዚያ ድንገት ትሮጣለች፣ የሽንት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ያመልጣታል።

ባለፈው ሐሙስ ምን አገኘሁ መሰላችሁ። ቦርሳዋን ላጥብ ብዬ ስገለብጠው ከደብተሮቹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የውስጥ ሱሪ ወጣ። እንዳይሸት ሁለት ቦታ ቋጥራዋለች። ለካ ትርፍ እየያዘች እዚያው ትቀይር ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ።

አያቷ «ሰንፋ ነው፣ መነሳት ሰልችቷት ነው» ይላሉ። እኔም አልዋሽም፣ ሁለት ጊዜ መትቻታለሁ። ባለቤቴ ብርድ ነው ይላል። አንድ ፋርማሲ ሄጄ ስነግራቸው «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ ሽንቷ ሳይመረመር፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ምንም ለውጥ የለም። ውሃም ከልክያት ነበር፣ በድሬ ሙቀት ግን እንዴት ይሆናል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ።

ሌላም አለ። እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች። ካካ የምትወጣው በሦስት በአራት ቀን ነው፣ ሆዴን ትላለች። አንገቷ ላይ ከኋላ በኩል ጥቁር ነገር አለ፣ እድፍ መስሎኝ ገላዋን ሳጥባት እፈትገው ነበር፣ አይለቅም። እነዚህ ነገሮች ይገናኛሉ? ውፍረትና ሽንትን ምን አገናኛቸው? የደረሰበት ካለ ይንገረኝ።

የሳቢያን ነርስ

እህቴ አይዞሽ። ብዙ ዓመት ከሕፃናት ጋር ነው የሠራሁት፣ አንቺ የጻፍሽውን ግማሹን ሳነብ ቀሪውን መገመት ችዬ ነበር። ስንፍና አይደለም። አንድ ልጅ ተኝቶ ሽንቱን አውቆ አይለቅም። ያን የተቋጠረ ፌስታል ራስሽ አይተሽዋል፣ ግድ ያልሰጠው ልጅ ሁለት ቦታ አይቋጥርም።

አዎ፣ ይገናኛሉ። ከሆዷ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የሽንት ፊኛና የትልቁ አንጀት መጨረሻ ጎን ለጎን ናቸው፣ አንጀቱ ከኋላ ፊኛው ከፊት። ሰገራ ለቀናት ተከማችቶ ሲደርቅ አንጀቱ ይለጠጥና ፊኛውን ይጫነዋል። ፊኛው መያዝ ያለበትን ያህል አይይዝም፣ ሳይሞላም ይኮማተራል። በዚያ ላይ ሆድ አካባቢ ያለው ስብ ከላይ ይጫናል። ወፍራም ልጆች ላይ የሆድ ድርቀትም፣ ሽንት ማምለጥም፣ የሽንት ኢንፌክሽንም በብዛት ይታያል። በሦስት ቀን አንዴ የምትወጣ ልጅ ሆዷ ሳይስተካከል ፊኛዋን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። ሲወጣ ትልቅና ደረቅ ነው? ያማታል? የውስጥ ሱሪዋ ላይ ሰገራ ነክቶት ታያለሽ? እነዚህን ለሐኪሙ ንገሪው። የድርቀት መድኃኒት ከታዘዘላት ደግሞ ለወራት ሊቀጥል ይችላል፣ ተሻላት ብለሽ በሳምንቱ አታቁሚው። የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ነገር መያዟ ነው። ተረከዝ ላይ መቀመጧ፣ እግር ማጣመሯ፣ ይሄ ሁሉ ፊኛው ሲኮማተር በግድ ለመዝጋት የምታደርገው ነው። «አልመጣም» ስትልሽ እየዋሸችሽ ላይሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ የያዘ ልጅ ስሜቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «መጥቷል ወይ» ብለሽ አትጠይቂያት። በሰዓት አስኪጃት። በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓቱ፣ መጣም አልመጣም።

ሦስተኛውን በግልጽ ልጻፈው፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ አንብቡት። ጭን ሲወፍርና ልጅቷ እግሯን ገጥማ ስትሸና ሽንቱ በሙሉ ወደ ውጭ አይወጣም፣ የተወሰነው ወደ ብልቷ ውስጥ ይገባል። ብድግ ስትል ያ የቀረው ጠብ ጠብ ይላል። ከሽንት ቤት ከወጣች በኋላ በ5 ወይ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚረጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ሱሪዋን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ታውርድ፣ ጉልበቷን በደንብ ትክፈት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ትበል። የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ከሆነ እግሯ እንዳይንጠለጠል ከሥር ዱካ አድርጊላት። ስትጨርስ ወዲያው አትነሳ፣ እስከ 20 ትቁጠርና እንደገና ትሞክር። ስትጠርግ ከፊት ወደ ኋላ።

አንገቷ ላይ ያለው እድፍ አይደለም፣ በጭራሽ አትፈትጊው። ቆዳው ጠቆር፣ ወፈር፣ እንደ ከፋይ ለስለስ ያለ ከሆነ ሰውነቷ ኢንሱሊንን በደንብ መጠቀም እንዳቃተው የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስኳር አለባት ማለት አይደለም፣ ግን መመርመር አለባት። ስኳር ሲጨምር ሽንት ይበዛል፣ ሽንት ሲበዛ ያመልጣል። በተለይ የአንቺ ልጅ ደርቃ ቆይታ ነው የተመለሰባት፣ ቢያንስ 6 ወር ደርቆ ተመልሶ መሽናት የጀመረ ልጅ ስኳሩ ሳይታይ አይታለፍም።

ስለዚህ ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂጂና የሽንት ምርመራና የስኳር ምርመራ ይሠራላት፣ ሆዷ ይዳሰስ፣ ጀርባዋና እግሯ ይታይ፣ ደም ግፊቷ ይለካ። ግፊት ሲለኩ ለክንዷ የሚሆን ሰፊ ማሰሪያ ይጠቀሙ፣ የጠበበ ማሰሪያ ግፊቷን ከእውነቱ በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አንቲባዮቲክ ሳይመረመር ሦስተኛ ጊዜ እንዳትሰጪያት።

እስከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። ለሁለት ሦስት ቀን የጠጣችውን፣ የሸናችውን፣ ያመለጣትን፣ ካካ የወጣችበትን በሰዓት ጻፊ። ሽንቷንም መስፈሪያ ባለው ጆግ ለኪ። የ9 ዓመት ልጅ ፊኛ በግምት 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ዕድሜዋ ላይ 1 ደምረሽ በ30 ማባዛት ነው። አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ ለስላሳ ያህል ማለት ነው። የሷ ከዚያ በጣም ካነሰ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቀውም ይሄ ነው፦ በጣም ከጠማት፣ እየከሳች ከሆነ፣ ካስመለሳት፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካላት፣ ሽንቷ ደም ከመሰለ፣ ወይም እግሯ ከደከመ። ያኔ በዚያው ዕለት።

ሞቅ_ድሬ

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ክብደቷ ነው። ማታ እራት ከልክያት፣ በወር 5 ኪሎ ብትቀንስ ሁሉም ይጠፋል። ውሃም ከ10 ሰዓት በኋላ አይሰጥ።

የሳቢያን ነርስ

ወንድሜ፣ በቅን አስበህ እንደጻፍከው ይገባኛል፣ ግን ይሄ ልጅቷን ይጎዳል። በማደግ ላይ ያለች ልጅ አትራብም። የብዙ ልጆች ግብ ኪሎ መጣል አይደለም፣ ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው፣ ቁመት ሲጨምር ውፍረቱ በራሱ ይስተካከላል። እራት የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይበላል።

ውሃም እንደዚያው። ውሃ ስትከለከል ሰገራዋ ይበልጥ ይደርቃል፣ ሽንቷም ይወፍርና ፊኛዋን ያቃጥለዋል፣ ማለትም ችግሩን እናባብሰዋለን። ማስተካከል ያለብን ሰዓቱን ነው። አብዛኛውን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ትጠጣ፣ ማታ ቀነስ ይበል። በዕድሜዋ በቀን ሊትር ተኩል ገደማ ትፈልጋለች፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ ከዚያም በላይ።

የሚቀነሰው ለስላሳው ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለ። አስፋልት ዳር የሚሸጠው ሙሸበክ (በዘይት የሚጠበሰው ጣፋጭ) እና ሳምቡሳም በየቀኑ ከሆነ ይከብዳል፣ የዓርብ ይሁን። በምትኩ ቀፊራ ገበያ ፓፓያ አለ፣ ማንጎ አለ፣ ዘይቱን አለ። ፓፓያ ለድርቀትም ደግ ነው። ጭማቂውን አትስጧት፣ ፍሬውን ትብላ።

የሦስት ልጆች አባት

አቦ እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁና ስለ ማንኮራፋቱ ልንገርሽ።

መካከለኛው ልጄ 7 ዓመቱ ነበር፣ 41 ኪሎ። በየሌሊቱ አልጋው ላይ ይሸናል። እኔ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እየቀሰቀስኩ አሸናዋለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ረጥቦ ይገኛል። ማንኮራፋቱን ከምንም አልቆጠርነውም፣ እንደውም «አያቱን መሰለ» እየተባለ ይሳቅበት ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፋኑ ቆመ። ዝም ሲል ነው በደንብ የሰማሁት። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ቆጠርኩ። እስከ 12 ቆጠርኩ። ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው ትንፋሹን ስቦ ተገላበጠ። እንደገና ጸጥ። ወላሂ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በስልክ ቀርጬ ለሐኪሙ አሳየሁት። ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ አብጦ፣ የአንገቱ ውፍረት ተጨምሮበት፣ ሲተኛ የአየር መንገዱ ይዘጋል አለኝ። ሽንቱን ምን አገናኘው ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ ነው ያስረዳኝ። ልጁ በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገል ደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ልብን ይለጥጠዋል። ልብ ደግሞ ሲለጠጥ «ውሃ በዝቷል» ብሎ ያስባል፣ ኩላሊት ውሃና ጨው እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ስለዚህ ሌሊት ሽንት ማነስ ሲገባው ይበዛል። በዚያ ላይ እንቅልፉ ስለተቆራረጠ ሲተኛ እንደ ድንጋይ ነው፣ ፊኛው ቢሞላም አይነቃም።

አዲስ አበባ ሄደን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እውነቱን ልናገር፣ በአንድ ሌሊት አልዳነም። ከየሌሊቱ ወደ ሳምንት አንድ ሁለቴ ወረደ። ሐኪሙም ወፍራም ልጆች ላይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተወሰነው ሊቀር እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮን ነበር። የቀረው የሄደው ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ሲጨምር ነው፣ ከዓመት በላይ ፈጀ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንድ ልጅ ወላጆች። የልጄ ብልት ትንሽ ነው ብለን ስንጨነቅ ነበር፣ ዘመድም አወራበት። ጤነኛ ነው፣ ከሥሩ ባለው ስብ ተሸፍኖ ነው የማይታየው። ግን ሲሸና ሽንቱ ቆዳው ውስጥ ይቀርና በኋላ ይንጠባጠባል፣ ቆዳውም ይቆጣል። ሲሸና ስቡን በእጁ ወደ ኋላ ገፋ እንዲያደርግ አስተማርኩት፣ ቀን ቀን የሚረጥበው በአብዛኛው በዚህ ቆመ። ልጁ ፊት ስለ ብልቱ አታውሩ፣ ሁሉን ይሰማል።

የጀጎል መምህርት

ሐረር ነው የማስተምረው፣ ሦስተኛ ክፍል። ስለ ትምህርት ቤቱ ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው።

የኛ መፀዳጃ ለሴቶች ሁለት ክፍል ነው። የአንዱ በር አይዘጋም፣ ውሃ ግማሽ ቀን የለም። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ይይዛሉ። ገና ከቤት ሲወጡ ውሃ የማይጠጡ ልጆች አሉኝ፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው። ወፍራም ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቁጢጥ ማለት ይከብዳታል፣ ወለሉ ያዳልጣል፣ እወድቃለሁ ብላ ትፈራለች። ግማሽ ቆማ ትሸናለች። ግማሽ ቆሞ መሽናት ደግሞ ጡንቻው ስለማይላላ ፊኛውን በደንብ አያራግፍም። ሌሎቹም ከውጭ ይጠብቁና «ቶሎ ውጪ» ይላሉ። አንዴ «ሽንታም» ከተባለች በቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ስሟ ያ ነው።

እኔ ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ላይ ይሄ ነገር ሲደርስ ከእናቷ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ እስክርቢቶ ታስቀምጣለች፣ እኔ አይቼ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ትወጣለች። እጅ አታወጣም፣ አታስፈቅድም፣ ማንም አያውቅም። በክፍለ ጊዜ እንጂ በእረፍት አትሄድም፣ በእረፍት ሰልፍ ነው። የመምህራኑን መፀዳጃ ቁልፍም ሰጠኋት። ሂጂና የክፍል መምህሯን ለብቻው አነጋግሪው፣ ልጅቷ በሌለችበት። አብዛኛው መምህር ስለማያውቅ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም «ቁጭ በይ» የሚለው።

ሌላው ሆጃ ነው። እኛ አካባቢ ልጅም ሆጃ ይጠጣል፣ ቁጢም ይጠጣል። ሆጃ የቡና ገለባ ነው፣ ቁጢ የቡና ቅጠል ነው፣ ሁለቱም ካፌይን አላቸው። ስኳሩም አይቀርም። ካፌይን ሽንት ያስቸኩላል። ሻይም ያው ነው። ማታ ከዳቦ ጋር አንድ ስኒ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ ለዚህች ልጅ ያደርጋል።

ስሜን_አልጽፍም

እኔ ያቺ ልጅ ነበርኩ። አሁን 27 ዓመቴ ነው። ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ነው ያደግኩት። ፍራሼ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ይሰጣ ነበር፣ ሰው ሁሉ እያየው ያልፋል። እናቴ በክፋት አልነበረም፣ ግቢያችን ፀሐይ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ግን የዚያን ፍራሽ መልክ አልረሳሁትም፣ ሰማያዊ ሰንበር ነበረው። እባክሽ ከውስጥ አስጪው። አንሶላ ሥር ፕላስቲክ አንጥፊ፣ ትርፍ አንሶላና ልብስ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጪላት፣ ሌሊት ሳትቀሰቅስሽ ራሷ ትቀይር። ፌስታሉንም እንዳገኘሽው ረጋ ብለሽ ንገሪያት። ማወቅሽን ካላወቀች መደበቋን አትተውም።

የከዚራ እናት

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

በነገራችሁኝ መሠረት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሽንቷ ንጹሕ ነው፣ ኢንፌክሽን የለም። ያ ሁሉ አንቲባዮቲክ በከንቱ ነበር። ሳትበላ የተለካው ስኳሯ 104 ሆነ፣ ሐኪሙ «ስኳር በሽታ አይደለም፣ ድንበሩ ላይ ነው፣ በ3 ወር እንደግመዋለን» አለኝ። ሆዷን ሲዳስስ በግራ በኩል የደረቀውን ሰገራ በእጄ እንድነካው አደረገኝ። እንደ ድንች ነበር። ላክቱሎስ የሚባል የድርቀት ሽሮፕ አዘዘላት። አሁን በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ትወጣለች፣ ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ ትቀመጣለች።

ሽንቷን በጆግ ስንለካ መጀመሪያ 120፣ 140 ነበር። ደብተሩን አሁን የምትጽፈው ራሷ ናት። ባለፈው እሑድ 230 ሆኖ ጆጉን ይዛ ወጥ ቤት ድረስ መጣች። እንዳትደፋው ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያ አብረን ሳቅን።

ቀን ቀን የሚረጥበው ከሞላ ጎደል ቆሟል፣ ያ የእግር ነገርና መቁጠሩ ነው የሠራው። ሌሊቱ ገና ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ረጥቧል። ኪሎዋ ያው 52 ነው፣ ሐኪሙ ግን ጥሩ ነው አለኝ። ለስላሳ ቤት አናስገባም፣ ለማንም። አባቷን ማሳመኑ ነው የከበደኝ። ማታ ማታ ከሱ ጋር እስከ ባቡር ጣቢያው በእግር ደርሰው ይመለሳሉ፣ እሷ አሁን ቀድማ ጫማዋን ታደርጋለች። ስለ ፌስታሉም ነግሬያታለሁ። ስለመታኋት ይቅርታ ጠየቅኳት። ምንም አላለችኝም፣ ጭኔ ላይ ተኛች።

አያቷ ግን አሁንም «አንድ ክኒን አለ፣ የጎረቤት ልጅ ወስዶ ደርቋል» እያሉ ነው። የሳቢያን ነርስ፣ ምን ትያለሽ? የሦስት ልጆች አባት፣ የጉሮሮ ሐኪሙ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ስትተኛ ቀርጫታለሁ፣ ግን 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ይበቃል?

የሳቢያን ነርስ

እልል! ክኒኑን አትንኪው። ሌሊት ሽንት የሚቀንስ መድኃኒት በርግጥ አለ፣ ግን ሐኪም አዝዞት ነው። መድኃኒቱ ከመወሰዱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከተወሰደ በኋላ 8 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ብዙ ውሃ ከተጠጣ የደም ጨው ሊወርድና ልጁን እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በድሬ ሙቀት ሌሊት ተነስታ ውሃ የምትጠጣ ልጅ ላይ ደግሞ አስቢው። መጀመሪያ ሆዷና እንቅልፏ ይጨረስ። ሽሮፑን እንዳታቆሚ።

የሦስት ልጆች አባት

2 ደቂቃው ውስጥ ትንፋሿ ሲቆም የሚታይ ከሆነ ይበቃል። ካልሆነ ዛሬ ማታ ድገሚው፣ ከተኛች ከ2 ወይ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ በጀርባዋ ስትሆን። ፋኑን አጥፊ። ልብሷን ገለጥ አድርጊና ደረቷና ሆዷ ይታይ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።